ማክሰኞ ትደርሳለች

መልሱ የመጣው መቅዲ ደብዳቤውን ባኖረች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። መልስ ከተባለ። ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ የተቀደደች፣ መዳፍ የማትሞላ ቁራጭ ናት። በላቲን ፊደል፣ በስዋሂሊ፣ አራት ቃል ተጽፎባታል፤ መኪናዋ ማክሰኞ ትደርሳለች ይላል። አንድ የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ነጂ ሞተሩን ሳያጠፋ ሰጥቷት ሄደ።

መቅዲ ከአባቷ ሆቴል ባንኮኒ ኋላ ቆማ አነበበችው። ሌላ ነገር ይኖረው ይሆናል ብላ ገለበጠችው። ከጀርባው ዕቃው ዝናብ እንዳይነካው የሚያስጠነቅቅ የጃንጥላ ሥዕል ብቻ ነበር።

እሷ የጻፈችው ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ቀደደችው። አራተኛውን አጥፋ፣ መካኒኩ አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ሳለ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለትና ሳትሰናበተው ወጣች። ከዚያ ወዲህ ወደ ጋራዡ አልሄደችም። በሠላሳ አራት ዓመቷ ለማንም ሰው እንዲያ ጽፋ አታውቅም። ለዚያ ሁሉ አራት ቃል። አላለቀሰችም። ማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ከደከማት ቆይቷል።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነው። አባቷ ጋሽ ዳኜና የኢዛና አባት በወጣትነታቸው አንድ የጭነት መኪና እየተፈራረቁ ነድተው፣ ከአዲስ አበባ ድንበሩ ድረስ የተመላለሱ ሰዎች ናቸው። በኋላ ጋሽ ዳኜ ተሻግረው ኬንያዊቷ ሞያሌ ውስጥ ሆቴል ከፈቱ፤ ጓደኛቸው ናይሮቢ ገብተው የትራንስፖርት ቢሮ አቋቋሙ። ልጆቻቸውን ሊያጋቡ የተስማሙት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ነው። ልጆቹም አደጉ፤ ተዋወቁ፤ እምቢ የሚያሰኝ ነገር አላገኙም። መቅዲ የዚያን ጊዜ፣ እምቢ የሚያሰኝ ነገር አለማግኘት እሺ ለማለት የሚበቃ መስሏት ነበር።

ኢዛና ለሽምግልናው ሲመጣ በአውቶቡስ መምጣት አልፈለገም። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ነጭ የጃፓን ስፖርት መኪና ገዝቷል። ሞተሯ ፊት ላይ አይደለም። ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ተወሽቋል፤ በዚያ ላይ ቱርቦ አለው። አዲሱን አስፋልት ተማምኖ ከናይሮቢ ተነሣ። ማርሳቢትን እንደ ነፋስ አለፈ። ቱርቢ ሜዳ ላይ ግን አንድ ድንጋይ ከሥሯ የውሃ ቱቦዋን መታው፤ ሞተሩ ፈላ። ሽማግሌዎቹ ሆቴሉ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ሙሽራው ከብት አራግፎ በሚመለስ ባዶ ሎሪ ጋቢና ውስጥ፣ ሱፉን እንደለበሰ ከተማ ገባ። መኪናዋ ከኋላ እበቱ ላይ ተጭናለች።

ሞያሌ ውስጥ የጭነት መኪና የሚጠግን ሞልቷል። ይህችን ግን ሁሉም እየመጣ፣ አጎንብሶ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። በመጨረሻ «እስቲ ልሞክር» ያለው ሄሉ ሰፈር ጋራዥ ያለው ጉዮ ነበር። ጉዮ ዳበል የምትባል መንደር ልጅ ነው። ከብት ጠብቆ አድጎ፣ ናይሮቢ ጋራዦች ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ እናቱ ሲደክሙ ወደ አገሩ የተመለሰ። ዝምተኛ ነው። አማርኛውን የለመደው ከኢትዮጵያ ሾፌሮች ነው፤ እነሱ ከላይ ሆነው ሲያወሩ እሱ ከመኪናቸው ሥር ሆኖ ይሰማ ነበር። መቅዲን የመጀመሪያውን ወር በሙሉ «አንተ» እያለ ጠራት። እሷም አላረመችውም።

ከናይሮቢ በአውቶቡስ የሚላከው ዕቃ የሚያርፈው ሆቴሉ ስለሆነ፣ ጋራዥ የማድረሱ ሥራ የእሷ ሆነ። ኢዛና በየሳምንቱ እሑድ እየደወለ ዓይንሽ አይለያት ይላታል። እሷም ሄዳ ታያለች። ማየት ብቻ አልቀረም፤ የእጅ ባትሪ እያበራች መያዝ ጀመረች። ጉዮ ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው፤ ይህች መኪና ደግሞ ለብቻ የምትሠራ አይደለችም። ሌላ መኪና ላይ የአንድ ጠዋት ሥራ የሆነው እሷ ላይ ሦስት ቀን ይፈጃል። የቱርቦዋን አንዲት የዘይት ቱቦ ለመቀየር የኋላ ጎማዋን ማውለቅ፣ ክሪክ አስገብቶ ማንሣት፣ ከሥር ተኝቶ ክንድን እስከ ብብት መክተትና ብሎኑን ሳያዩ በጣት መፈለግ ያስፈልጋል። ቺንጋዋን፣ የሞተሯን ቀበቶ፣ ለመቀየር ሞተሩን ከነተቀመጠበት ብረት ወደ ታች ማውረድ ነው። ራዲያተሯ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ውሃው በሆዷ ሥር ከዳር እስከ ዳር ይጓዛል፤ መንገድ ላይ ትንሽ አየር ከገባበት እሱን ለማስወጣት ብቻ ሁለት ቀን ያልቃል። ቱርቦው ሲግል ሙቀቱ መውጫ የለውም። የውሃ ጎማውንም፣ ሽቦውንም፣ ላስቲኩንም አንድ ላይ ይጠብሰዋል። ጉዮ አንዱን ሲያድስ የጎረቤቱ ይሰነጠቃል። ሦስት ጊዜ ተሠርታ ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰች።

ሠርጉም አብሯት ተጓተተ። መጀመሪያ የመቅዲ እናት አረፉ፤ ዓመት ሐዘን ተቀመጡ። ሐዘኑ ሲወጣ ኢዛና ሙሽራዬን በዚህችው መኪና ካልሆነ አልወስዳትም አለ። ሰበብ እንደሆነ መቅዲም እሱም ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፤ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። በዚህ መሐል መቅዲ ባትሪውን ይዛ፣ ብርሃኑን ብሎኑ ላይ ሳይሆን የጉዮ ፊት ላይ እያሳረፈች መሆኗ ይታወቃት ጀመር። እሱም ዓይኑን አያነሣም። ሲያነሣ ደግሞ ቶሎ አይመልሰውም። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ስለዚህ ነገር ቃል አልተነፈሱም። የማይነገር ነገር ተሸክሞ እየተመላለሱ መኖር ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የተሸከመው ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ካርቶኗን በእጇ ይዛ ወደ ጋራዡ ሄደች። ልትጣላው ነበር የሄደችው።

መኪናዋ በአራቱም ጎማዋ መሬት ላይ ቆማለች። የሞተሯ ክዳን ተዘግቷል። መቅዲ እንዲያ ሆና አይታት ስለማታውቅ ለአፍታ ሌላ መኪና መሰለቻት። ጉዮ ከጎኗ ቆሞ እጁን በናፍጣና በኦሞ ይታጠባል። ሲያያት እጁን ሳያደርቅ ቀና አለ። ከስቷል።

«ይኼ ነው መልስህ?» አለች ካርቶኗን አሳይታው።

ጉዮ ካርቶኗን አየና እሷን አየ። «ማክሰኞ አይበቃም?» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ በፊት ፈለገች?»

«ማን?»

«አንቺ። ደብዳቤው ላይ።»

መቅዲ አልገባትም። ያፌዘባት መስሏት ፊቷ ጋለ። እሱ ግን እጁን በጨርቅ ደጋግሞ አደረቀ፣ ከደረት ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር አወጣ። ደብዳቤዋ ነው። ዘይት እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎታል። መታጠፊያው ከመከፈትና ከመዘጋት ብዛት ሳስቷል።

«አላነበብኩትም» አለ። «አልቻልኩም። የእናንተን ፊደል አላውቅም መቅዲ። አማርኛ የለመድኩት በጆሮ ነው።»

መቅዲ ደብዳቤዋን አየች። በስልክ ሲጻጻፉ እንደ ሞያሌ ሰው ሁሉ በላቲን ፊደል ነበር። የመኪናዋን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ከእሷ ፈጥኖ ያነባል። ሁለት ዓመት ተኩል በአማርኛ ሲያወሩ፣ ማንበብ አይችል ይሆናል ብላ አንድ ቀን አላሰበችም። ያን ቀን ደግሞ ነገሩ ከባድ ስለሆነባት በስልክ መሆኑን ጠልታ፣ እናቷ ባስተማሯት ፊደል፣ በእጇ ጻፈችው።

ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው። አፈርኩ አላት። ሌላ ሰው ሊያስነብብ ፈልጎ ነበር፤ ግን እዚህ ከተማ ፊደሉን የሚያውቅ ሁሉ ጋሽ ዳኜን ያውቃል። አሥራ ሁለት ቀን ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። አንዳንዴ አውጥቶ ያየዋል። ኢዛና ሁልጊዜ መቼ ትደርሳለች እያለ ስለሚያስጠይቅ፣ ይኼም ደብዳቤ ያው ጥያቄ ይሆናል ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ለዚያ መልስ ላከ።

«ሌላም ነገር ፈራሁ» አለ። «ስንብት ቢሆንስ ብዬ። ካልተነበበ ስንብት አይሆንም።»

መቅዲ ግድግዳው ሥር በተጋደመው የሎሪ ጎማ ላይ ተቀመጠች። መሳቅም ማልቀስም እኩል መጣባት። ጉዮ ከፊቷ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ደብዳቤውን ዘረጋላት።

«አንብቢልኝ» አላት።

የጻፉትን ለጻፉለት ሰው ፊት ለፊት ማንበብ ከመጻፍ ይከብዳል። ሆኖም ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ አነበበችለት፦

«ጉዮ፣ ኢዛና ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። መኪናዋ በተሠራች ማግሥት ይዞኝ እንደሚሄድ ታውቃለህ። ጠዋት ጠዋት ወደ አንተ ስመጣ፣ ዛሬም አንድ ነገር ተሰብሮ ባገኘሁ እያልኩ ነው የምመጣው። የሰው ንብረት እንዲሰበር መመኘት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ከእናቴ ሞት ወዲህ ሰው አጠገብ ሆኜ ዝም ማለት የማያስፈራኝ አንተ ጋ ብቻ ነው። አሁን ግን ደከመኝ። እንድቀር የምትፈልግ ከሆነ አትጨርሳት። ሌላ ምንም እንድትለኝ አልጠይቅህም። ካልጨረስካት ይገባኛል። ከጨረስካትም ይገባኛል።»

ጉዮ ዞር ብሎ መኪናዋን አየ።

«ጨረስኳት» አለ።

«አየሁ።»

«ፊደሉን ባውቅም እጨርሳት ነበር።»

መቅዲ ወረቀቱን አጣጥፋ ተነሣች። ከእንግዲህ የሚሰማ ነገር ያለ አልመሰላትም። ጉዮ ግን አልተነሣም፤ ከተቀመጠበት ሆኖ በዚያ ቀርፋፋ አማርኛው ቀጠለ።

«አንድ ቀን የውሃውን ጎማ ማሰሪያ ሳላጠብቀው ተውኩት። አውቄ። መንገድ ላይ ይለቃል፣ ሰውዬው ይመለሳል፣ አንቺ ትቆያለሽ አልኩ። ቤቴ ደርሼ ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ያ ልጅ ቱርቢ ላይ በዚያ ፀሐይ ብቻውን ሲቆም ታየኝ። ተመለስኩና አጠበቅሁት።» ቀና ብሎ አያት። «መኪናው ስለተሰበረ የቀረች ሴት አልፈልግም መቅዲ። እሱማ እድሜ ልኬን አንድ ነገር እየሰበርኩ መኖሬ ነው። መኪናው ደህና ሆኖ በር ላይ ይቁም፤ መንገዱም ክፍት ይሁን። ያኔ አልሄድም ካልሽ እሱን ነው የምፈልገው። ካልሆነ ሂጂ። እኔም ደክሞኛል።»

«ትፈልገኛለህ ማለት ነው?» አለች።

ለዚህ አማርኛው አልበቃውም። በእናቱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረው። መቅዲ ሞያሌ የተወለደች ናትና ተርጉምልኝ አላለችውም። የሰማችው ነገር ከጆሮዋ አልፎ ወደ ደረቷ ሲወርድ፣ ለሁለት ዓመት ተኩል ይዛው የኖረችው ትንፋሽ ወጣላት።

ማክሰኞ ጠዋት ኢዛና፣ መኪናዋ እንዳለቀች ተነግሮት፣ በናይሮቢው አውቶቡስ ደረሰ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተቀመጠበት ወገቡን እያሻሸ፣ ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ ቁልፉን ወሰደ። አብረን እንሞክራት አላት። መቅዲ እሺ ብላ ገባች።

ወደ ደቡብ በሚወስደው አስፋልት ወጡ። መኪናዋ እንደዚያ ሄዳ አታውቅም። ቱርቦው ከኋላቸው ቀጭን ፉጨቱን ያሰማል፤ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ ተዋህዶ ያልፋል። ኢዛና ፈገግ ብሏል። ግን ዓይኑ በየደቂቃው ወደ ሙቀት መለኪያው ይሄዳል። መቅዲ ያን አየች። ደህና ሆናለት እንኳ ሊያምናት አልቻለም። የሚያሳዝን ነገር ነው፤ መቅዲም አዘነችለት፤ ልትናገር ያለችውንም ማዘኗ አከበደባት።

መኪናዋን ዳር እንዲያስይዛት ለመነችው። ከተማዋ ከኋላቸው ኮረብታው ላይ ትታያለች። ሁሉንም በአጭሩ ነገረችው፤ ስምም አልደበቀችም። ኢዛና ሲሰማ መሪውን አልለቀቀም።

«በየሳምንቱ ስደውልልሽ» አለ፣ «ስለ መኪናዋ ነበር የምጠይቅሽ። አይደል?»

«አዎ።»

«ስለ አንቺስ ጠይቄሽ አውቃለሁ?»

እውነቱን ብትናገር ይጎዳዋል። «አንዳንዴ» አለችው።

ኢዛና ውሸቱን አወቀ፤ ለምን እንደዋሸችም አወቀ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ያላሰበችውን ነገር ነገራት። እሱም ደክሞታል። ወደ ሞያሌ በተነሣ ቁጥር አንድ ነገር ይበላሻል እያለ ይሰጋል፤ የምትበላሸው መኪናዋ ትሁን ጋብቻው ራሱ፣ ለይቶ አላወቀም። ለአባቴ ራሴ እነግረዋለሁ አለ። «ላንቺ አባት ግን አንቺው ንገሪ። ያንን አልችልም።»

ሆቴሉ በር ላይ አወረዳት። ከመሄዱ በፊት ጋራዥ ጎራ ብሎ ነበር። ምን እንደተባባሉ መቅዲ የሰማችው በኋላ ከጉዮ ነው። ጉዮ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ እንዲቀይር፣ ከሩጫ ቆሞ ሞተሩን ወዲያው እንዳያጠፋ መከረው። ኢዛናም ሰምቶ ሰምቶ፣ እንዴት ቻልካት አለው። መኪናዋን ማለቱ ይሁን ሌላ፣ ጉዮ አልጠየቀውም። ተጨባበጡ። ነጯ መኪና ከሰዓት በፊት ወጣች፤ ማታ ኢዛና ናይሮቢ በሰላም ገባሁ ብሎ ለመቅዲ ጻፈላት። መልእክቱን ስታነብ ከሐዘን ጋር የተቀላቀለ ምስጋና ተሰማት።

ጋሽ ዳኜ ባንኮኒው ጋ መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠው ሳለ ነበር የነገረቻቸው። አልጮኹም። መነጽራቸውን አወለቁ። የሁለት ሰው ሙሉ ዕድሜ ወዳጅነት፣ የሰጡት ቃል፣ የጉዮ ወገን፣ እምነቱ፣ የእናቷ አጥንት፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አነሡባት። መቅዲ አንዱንም አልካደችም።

«ለፉንዲ?» አሉ በመጨረሻ፤ የኬንያ ሰው መካኒክን በሚጠራበት ቃል።

«ለጉዮ፣ አባዬ።»

ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ዘጠኝ ቀን ከእሷ ጋር ማዕድ አልቀረቡም። ሥራው ግን አይቆምም፤ ሾፌሮቹ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። አባትና ልጅ በአንድ ባንኮኒ እየተላለፉ ቃል ሳይለዋወጡ ዋሉ። መቅዲ ከመኪናዋ ይልቅ ይህ ዝምታ አደከማት። ማታ ማታ አባቷን ሳይሆን ራሷን ትጠይቃለች፤ ጸጸት ትፈልጋለች፤ ድካም ብቻ ታገኛለች።

በአሥረኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ጉዮ መጣ። ቆይ ብላው ነበር፤ አልቆየም። ከዳበል አጎቱን አባ ቦሩን አስመጥቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዕቃ በሚገባበት በጓሮ ሳይሆን በዋናው በር ገባ። አባ ቦሩ ሸበቶ፣ በትር የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ምሳ የሚበሉት ሾፌሮች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጋሽ ዳኜ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ሆኖም ሽማግሌ በር ላይ አያቆሙምና፣ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡላቸው። አባ ቦሩ አመስግነው ተቀመጡ። ጉዮን ግን ጋሽ ዳኜ አላዩትም። እጆቹን አጣምሮ እንደቆመ ቀረ።

መቅዲ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ይህን አየች። አንድ ደቂቃ ሄደ፤ ሁለተኛውም። ከዚያ ወጣች። ከባዶው ጠረጴዛ አንድ ወንበር አነሣች፤ መሬት ላይ እንዳይጎተት ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በሾፌሮቹ መሐል አልፋ፣ ከአባቷ ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«ተቀመጥ» አለች ጉዮን፣ ሁሉም እየሰማ።

ጉዮ አልተቀመጠም። እሷንም አላየም፤ የሚያየው አባቷን ነው። ጋሽ ዳኜ ደግሞ ልጃቸውን ያያሉ። ትኩር ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ሥር ያለው ጥቁረት እሷ በየጠዋቱ መስተዋት ውስጥ የምታየው ዓይነት ነው። ለካ እሳቸውም ዘጠኙን ቀን አልተኙም። እሺ አላሉም። ፊታቸውም አልተፈታም። ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያላናገራትን ድምፅ ሰማች።

«ለእንግዶቹ ውሃ አምጪ» አሉ።

ለእንግዶቹ። መቅዲ ወጥ ቤት ገብታ ሁለት ብርጭቆ አወረደች። ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ጉዮ ሲቀመጥ ከዚያ ሆና ሰማች። ውሃውን ከመቅዳቷ በፊት ግድግዳውን ተደግፋ ጥቂት ቆመች። ደስታ አልነበረም፤ ደስታ ገና ሩቅ ነው፤ ገና ብዙ የሚባል፣ ብዙ የሚለመን አለ። ግን ድካሙ ሌላ ሆኖ ተሰማት፤ ተሸክሞ የዋለ ሰው ሸክሙን አውርዶ፣ ትከሻው ላይ ያለውን ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዳምጥ እንደሚሰማው ያለ።